43 ዳይሬክተር ባለበት ግሩፕ ውስጥ ብቻዬን ነኝ

በዚህ ወር ከመጡልን ጥያቄዎች አራቱ ከት/ቤት ዳይሬክተሮች የተላኩ ስለሆኑ ሰብስቤ አንድ ላይ አወጣኋቸው። እኔም 11 አመት እዛው ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ፣ ከዛ ሱፐርቫይዘር ሆኛለሁ፣ ስለዚ ምመልሰው ካየሁት ተነስቼ ነው፣ ያላየሁትን አልነካም።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? ገጠር ያለ አንደኛ ደረጃ ት/ቤት ርዕሰ መምህርት ነኝ፣ ከተመደብኩ ሁለት አመት ሊሆነኝ ነው። የወረዳችን ዳይሬክተሮች የቴሌግራም ግሩፕ አለን፣ 43 ሰው አለበት። ምን እንደሚላክበት ልንገርዎት፣ ሰርኩላር ይለጠፋል፣ ‹ደርሶናል› ይባላል፣ በአል ሲሆን አበባ፣ ሰው ሲሞት ነፍስ ይማር፣ በቃ። ባለፈው ደፍሬ ‹ገበያ ቀን ግማሹ ክፍል ባዶ ይሆንብኛል፣ እናንተ ጋስ እንዴት ነው?› ብዬ ፃፍኩ። 38 ሰው አይቶታል። አንድ ሰው ብቻ አውራ ጣት አደረገልኝ፣ እሱም ምን ማለቱ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። መምህራኖቼን እንዳላማክር ያልኩት ሁሉ ዞሮ ይመጣብኛል፣ ለወረዳ ብናገር ደካማ ተብዬ እመዘናለሁ። እኛ ዳይሬክተሮች እንደ ባልደረባ ምናወራበት ነገር መፍጠር ይቻላል ወይስ ዝም ብዬ ልስራ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከአውራ ጣቱ ልጀምር። ሰውዬው ‹እኔም ጋ እንደዛው ነው ግን እዚህ ላይ አልፅፈውም› እያለሽ ነው። ነገ ደውይለት። ስልኩ እዛው ግሩፑ ላይ አለልሽ፣ ‹ያን ቀን ስለፃፍኩት ነገር ነበር› በይው፣ ግማሽ ሰዓት ያወራሻል ብዬ እወራረዳለሁ።

ሌሎቹ ዝም ያሉት ክፉ ሆነው አይምሰልሽ። ግሩፑ ላይ የወረዳው ትምህርት ጽ/ቤት ሀላፊ አለ አይደል? እዛ ላይ ልጆች ቀሩብኝ ብሎ መፃፍ በራስ እጅ ክስ ማስገባት ነው። በሽታውን የደበቀ መድሀኒት የለውም ሚሏት ተረት ለዳይሬክተር አትሰራም፣ ዳይሬክተር በሽታውን ከተናገረ ምዘናው ላይ ነው ‹ሚታከመው›። ኢንስፔክሽን 26 ስታንዳርድ ይዞ መጥቶ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 አንዱ ላይ ያስቀምጥሻል፣ አመቱ ሲያልቅ ደግሞ ት/ቤቶቹ ከላይ እስከ ታች ተደርድረው በፕሮጀክተር ይታያሉ፣ ከጎንሽ የተቀመጠው ሰውዬ አመቱን ሙሉ ካንቺ በላይ ለመሆን ነው ሲሮጥ የከረመው፣ ታዲያ ለሱ ምኑን ታወሪዋለሽ። ደረጃ መውጣቱን አልቃወምም። ግን ሰው ሚመዘንበትና ሚማከርበት ቦታ አንድ ከሆነ ምክክሩ ነው ሚሞተው።

ብቻዬን ነኝ ማለትሽ ግን ከነከነኝ። የ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ት/ቤቶች ከ1,300 በላይ። ያን ሰሞን አንድ የሁለተኛ ደረጃ ዳይሬክተር ወዳጄ ስልኩን አጥፍቶ ሶስት ቀን ከቤት አልወጣም፣ ገበያ መሀል ማለፍ አፍሮ። ሄጄ ‹ያንተ አይነት ከ1,300 በላይ ሰው አለ እኮ› ስለው ‹አንዱንም አላውቀውም› አለኝ። ምን እንደምመልስለት ጠፍቶኝ ሻይዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

እና ምን ይደረግ? 43ቱን ለማንቀሳቀስ አትሞክሪ፣ አይንቀሳቀሱም። አምስት ስድስት ሰው ይበቃል። ጉድኝት ማዕከላችሁ (ጎረቤት ት/ቤቶችን ሚያስተባብረው ት/ቤት) ስር ያሉት ሳተላይት ት/ቤቶች ቁጥራቸው እዛው አካባቢ ነው፣ ባይሆን በባጃጅ ትደራረሳላችሁ። እኛ ስንጀምር ስድስት ነበርን፣ ልክ እንደ ፅዋ ማህበር ተራ ያዝንና በወር አንዴ አንዱ ጋ እንሄዳለን፣ ተራው የደረሰው ቡናና ቆሎ ያቀርባል፣ ከዛ ያለፈ ድግስ ክልክል ነው፣ ድግስ ከገባ ሰውየው ሲጨነቅ ሚያድረው ስለ ወጡ ነው። አንድ ህግ ነበረን፣ ባለተራው አንድ ያቃተውን ነገር ያሳየናል። ማውራት አይበቃም፣ ወስዶ ያሳየናል።

በሶስተኛው ወር ተራው የደረሰው ሰውዬ ‹አቴንዳንሴ ዘጠና ምናምን በመቶ ነው፣ ግን ሀሙስ ሀሙስ ከእረፍት በኋላ ክፍሎቼ ባዶ ናቸው፣ ሊገባኝ አልቻለም› አለን። ሀሙስ ገበያ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ስድስታችንም በራፉ ላይ ቆምን። አንድ አምስተኛ ክፍል ሚሆን ልጅ በአንድ ብብቱ ደብተር በአንዱ ዶሮ ታቅፎ መጣ፣ ዶሮዋ እግሯ ታስሯል። ለዘበኛው ሰጥቷት ሊገባ ሲል ‹የት ልትወስዳት ነው?› አልነው። ‹ገበያ›። ‹ታዲያ እዚህ ለምን መጣህ?› ‹ስም እስኪጠራ›። ስም ሚጠራው አንደኛ ፔሬድ ላይ ነዋ፣ እረፍት ሲደወል ዶሮውን ከዘበኛው ተቀብሎ እብስ ነው። ዘበኛ ቤት ገብተን ብናይ አራት ዶሮና አንድ ቅርጫት እንቁላል ተደርድሯል፣ ዘበኛው ራሱ ‹ከአመት አመት እንዲሁ ነው እኮ› ይለናል። ዳይሬክተሩ እዛ ስድስት አመት ሰርቷል፣ ጠዋት ጠዋት ቢሮው ሪፖርት ሲሞላ አንድም ቀን አላየውም። ማንም አልሳቀበትም፣ እያንዳንዳችን የራሳችንን ዘበኛ ቤት እያሰብን ነበር መሰለኝ።

ከዛማ ከእረፍት በኋላ ሁለተኛ ስም መጥራት ጀመረ፣ ሒሳብና እንግሊዝኛን ከሀሙስ ወደ ሌላ ቀን አዞራቸው፣ ወተመህን (የወላጅ ተማሪ መምህር ህብረቱን) ሰብስቦ ወላጆች ሲነጋገሩ አንዲት እናት ‹የኛን ሰፈር ዶሮ እኔ ሰብስቤ ልሽጥላችሁ፣ ልጆቹን ተዉአቸው› አሉ። ሙሉ በሙሉ ጠፋ አልልሽም፣ አዝመራ ሲደርስ ተመልሶ መጣ። ግን ያንቺ ጥያቄ እኮ ይሄው ራሱ ነው፣ ባዶ እጄን እንዳልመልስሽ ብዬ ነው ያረዘምኩት።

መጀመሪያ ተራ አንቺ ያዢ። ሌላው ሰው ቀድሞ ይከፈትልኛል ብለሽ አትጠብቂ፣ አንቺ ያቃተሽን ካሳየሽ ሁለተኛው ይቀለዋል። ስትጨርሱ አንዱ ግማሽ ገፅ ይፃፍ፣ ምን አየን፣ ምን ሞከርን፣ ምኑ ከሸፈ። እንደ ቃለ ጉባኤ ‹ተሰብሳቢዎቹ በሰፊው ተወያይተው› እያለ ከሚፅፍ ሰው ግን እስክሪብቶውን ንጠቁት። ደሞ በደብተር ይሁን። በ2015 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራም ሲዘጋ ቪፒኤን ያልነበራቸው ግሩፖች ፀጥ አሉ፣ የኛዎቹ ደብተር ግን (እኔ ያኔ ወጥቻለሁ) በመምህራን ቦርሳ ከት/ቤት ት/ቤት ሲዞር ከረመ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የመንግስት ት/ቤት ዳይሬክተር ነኝ። ሰባት ሆነን መገናኘት ጀምረናል። ሱፐርቫይዘራችንን እናስገባው? ካላስገባነው ይቀየመናል፣ ካስገባነው ደግሞ ያው ያውቁታል።

መልስ፦ አውቀዋለሁ፣ እሱ እኔው ነበርኩ። ሱፐርቫይዘር በሆንኩ በመጀመሪያው አመት ዳይሬክተሮቹ ሲገናኙ ድንገት ገባሁባቸው፣ በደግ ልብ ነው፣ ልረዳቸው ብዬ። በር ላይ ስደርስ አንዱ ‹ሞዴል ፈተናውን ራሳቸው መምህራኖቼ ናቸው ያስኮረጁት› ሲል ሰማሁት። ገብቼ ወንበር ስስብ ያው ሰው ‹በእቅዳችን መሰረት ማጠናከሪያ ትምህርቱን 98 በመቶ አከናውነናል› ማለት ቀጠለ። ማስታወሻ ደብተሬን ሳላወጣ ነው እንግዲህ። ከዛ በኋላ ካልጠሩኝ አልሄድም አልኩ።

ስለዚ ለጊዜው አታስገቡት፣ ግን ተደብቃችሁም አትገናኙ፣ በኛ አገር ሰባት ሰው በር ዘግቶ ቡና ከጠጣ ስም ይወጣለታል። ሄዳችሁ ንገሩት፣ ‹በወር አንዴ እንገናኛለን፣ ሚያስፈልገን ነገር ሲኖር እንጠራሃለን› በሉት። ከዛ በእርግጥም ጥሩት፣ በየሁለት ወሩ መጨረሻዋን ግማሽ ሰዓት፣ አንድ እሱ ብቻ ሊያስፈፅም ሚችለው ጉዳይ ይዛችሁ፣ የመምህር ምደባ ይሁን ያልደረሰ መፅሐፍ። ሱፐርቫይዘር ሚቀየመው ስራ ሲያጣ ነው።

ደሞ አደራ፣ አንድ ለአምስት ምናምን የሚል ስም እንዳትሰጡት። መምህር ያቺን ቃል ሲሰማ ትዝ ሚለው ሳይሰበሰብ ተሰብስቤያለሁ ብሎ የፈረመበት ፎርም ነው።

ጥያቄ፦ አምስት ዳይሬክተሮች ብቻ ያለንበት ግሩፕ ላይ ስለ ምክትሌ የፃፍኩት ነገር እሱ ጋ ደረሰ። ሁለት ሳምንት ሆነው ሰላም አይለኝም። ያሾለከውን ሰው ልፈልግ ወይስ ግሩፑን ላጥፋው?

መልስ፦ ወንድሜ ሁለቱንም ተው፣ ቀድመህ ምክትልህ ጋ ግባና ይቅርታ ጠይቅ። አሾላኪውን ብታገኘውም የፃፍከው አንተ ነህ።

የኔን ልንገርህና ትንሽ ይቅለልህ። አንድ መምህር በተደጋጋሚ ሲቀርብኝ የፊርማ ወረቀቱን ስሙን በቀይ አክብቤ ፎቶ አነሳሁና ‹ይሄን ሰውዬ ምን ላርገው?› ብዬ ለወዳጆቼ ላኩ። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው የላኩት። በምሳ ሰዓት መምህሩ ቢሮዬ ገባና ምንም ሳይናገር ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ስክሪንሾቱ ነው፣ ወረቀቱ ጥግ ላይ የራሴ አውራ ጣት ይታያል። ‹የርስዎ ጣት ነው አይደል?› አለኝ። እናቱን በሳምንት ሁለት ቀን ለኩላሊት እጥበት ይወስድ ኖሯል፣ ለመናገር ደግሞ ተሸማቋል። የቀረባቸው ቀናት ሁሉም ማክሰኞና አርብ ነበሩ፣ በቀይ እያከበብኩ እንኳ አላስተዋልኩትም እኮ!

ያ ሰው በኋላ ይቅር ብሎኛል፣ ፔሬዱንም አሸጋሽገንለታል፣ ግን ከዛ ቀን ጀምሮ ስለ ሰው አልፅፍም። ስለራሴ ነው ምፅፈው። ‹ምክትሌ ሰነፍ ነው› ከማለት ‹ለምክትሌ ስራ ሰጥቼ መልሼ ራሴ እሰራዋለሁ፣ እንዴት ልተው?› ብለህ ፃፍ፣ ቢሾልክም አታፍርበትም፣ እንዲያውም እሱ ቢያነበው ሊረዳህ ይችላል። የመምህር ስም፣ የተማሪ ፎቶ፣ ሮስተር (የተማሪዎች ውጤት ዝርዝር) ግሩፕ ላይ አይውጣ፣ አምስት ሆናችሁም ሁለት ሆናችሁም።

ጥያቄ፦ 28 አመት አገልግያለሁ፣ ለጡረታ ሶስት አመት ቀርቶኛል። በአመት 60 ሰዓት ተሙማ (ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ) ሙሉ ስንባል ኖረናል፣ አሁን ደግሞ ተገናኙ ተጠያየቁ። ለኔ አይነቱ ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ለርስዎ ምንም ላይጠቅም ይችላል፣ እውነቱን ልንገርዎት። ሚጠቅመው ለሌላው ነው። የት/ቤትዎ የይዞታ ካርታ የት ነው ያለው? ምስራቅ በኩል አጥሩ ገባ ያለው መቼና በማን ስምምነት ነው? ወተመህ ውስጥ ሽምግልና ሲያስፈልግ ሚሰሙት የትኛውን ሽማግሌ ነው? ይሄ ፋይል ውስጥ የለም፣ እርስዎ ሲወጡ አብሮ ይወጣል፣ ከዛ ጎረቤት አጥር ሲገፋ አዲሱ ልጅ ግራ ይገባዋል። ደሞ አዲስ ዳይሬክተር ሁሉ ነገሩን ከዜሮ ሲጀምር እኔ በአይኔ አይቻለሁ፣ ያለፈው ሰው ቁልፍና ማህተም አስረክቦት ነው ሚሄደው፣ ሌላ ምንም።

እና አንድ ቅዳሜ ከጎረቤት ት/ቤት ወጣት ዳይሬክተሮች ሁለቱን ይጥሩና ድንበሩን በእግር ያዙሯቸው፣ እየሄዱ ይንገሯቸው፣ ከሁለቱ አንዱ ደብተር ይያዝ። ሶስት ሰዓት ይፈጃል። ከ60ው ላይ ይቀንሱታል፣ ፖርትፎሊዮው ላይ ሚያስገቡት ፅሁፍም እነሱ ፅፈውልዎታል።