«ሆደ ሰፊ»ን ለፈታኙ በእንግሊዝኛ እንዴት እንንገረው?

በዚህ እትም አይልትስ የተባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ መመዘኛ የንግግር ፈተና የተመለከቱ አራት ደብዳቤዎች መርጠናል። ሁሉም የሚያጠነጥኑት በእንግሊዝኛ ፈሊጦች አጠቃቀም ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ነርስ ነኝ። እንግሊዝ አገር ለመሥራት በንግግር ከ9 ነጥብ 7 ማምጣት አለብኝ፤ ያገኘሁት ግን 6.5 ነው። «ያለ ፈሊጥ 7 አይገኝም» ስላሉኝ ስድሳ ያህል ፈሊጦች በቃሌ ይዣለሁ። ስንቱን ብናገር ይበቃኛል? (ከሀዋሳ)

መልስ፦ የተወሰነ ቁጥር የለውም፤ ስድሳው ግን ከሚጠቅምዎት ይልቅ የሚጎዳዎት ይበዛል። ፈተናው በሙሉ ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ብቻ ነው። ፈታኙ አራት ነገሮችን በእኩል ክብደት ይመዝናል፦ የንግግር ፍሰትና ቁርኝት፣ የቃላት ሀብት፣ ሰዋስውና የድምፅ አወጣጥ። ፈሊጥ የሚታየው በቃላት ሀብት ሥር ነው። የውጤት ወረቀቱ አራቱን ለይቶ ስለማያሳይ፣ 6.5 ላይ ያስቀረዎት ቃላት ሳይሆን አነባበብ ወይም ሰዋስው ሊሆን እንደሚችልም አይርሱ።

ለ7 የሚጠየቀው ብዙም ያልተለመዱና ፈሊጣዊ የሆኑ ቃላትን በመጠኑ መጠቀም ነው፤ አልፎ አልፎ አለቦታው የገባ ቃል ቢኖርም ይታለፋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ፈሊጣዊ» ሲባል ተረትና ምሳሌ የሚመስለውን ብቻ ማሰቡ ነው። ከሰው ጋር ተግባባሁ ለማለት «አይ ጌት ኦን ዌል ዊዝ»፣ ሰዓት አለቀብኝ ለማለት «አይ ራን አውት ኦቭ ታይም»፣ መንገዱ ተጨናንቋል ለማለት «ሄቪ ትራፊክ» ማለትም ፈሊጣዊ ነው። «ቢግ ትራፊክ» ያለ ሰው ሐሳቡ ይገባል፤ ቃሉ ግን ቦታውን ስቷል። ጊዜዎን በእነዚህ ላይ ቢያጠፉ ይሻላል።

ከስድሳው አሥሩን ብቻ ያስቀሩ። መምረጫው አንድ ነው፦ ስለ ራስዎ ኑሮ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ሊሠሩበት የሚችሉት ይቆያል፣ ሌላው ይሰረዛል። በሳምንት ሦስት ይያዙ። ለእያንዳንዱ የራስዎን ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፣ በስልክዎ ይቅረጹት፤ ከዚያ ጽሑፉን ሳያዩ «ለምን?» እና «መቼ?» ብለው ራስዎን እየጠየቁ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጨምሩበት። ብቻውን የሚቆም፣ ከፊትና ከኋላው ጋር የማይያያዝ ፈሊጥ በቃል የተጠና መሆኑ ወዲያው ያስታውቃል።

በሥራዎ ምክንያት «አንደር ዘ ዌዘር» የሚለውን መያዝዎ አይቀርም። ይህ ጉንፋን ለያዘው ወይም ትንሽ ለከፋው ሰው የሚባል ነው። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ስለተኛ ታካሚ ከተናገሩት ቃሉን እንጂ ልኩን እንደማያውቁት ይታያል። «ኪክድ ዘ በኬት» ማለት ሞተ ማለት ነው፤ ግን ቀልድ አለበት፤ ስለ አያትዎ ሞት ሲያወሩ ነውር ነው፤ «ፓስድ አወይ» ይበሉ። ዝናቡ በኃይል ይዘንባል የሚለው «ኢትስ ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ» በየመጽሐፉ ቢገኝም ዛሬ በዕለት ንግግር ብዙም አይሰማም፤ «ኢት ወዝ ፖሪንግ» ማለት ይበቃል።

ሌላው ችግር ከአማርኛችን ይመጣል። እኛ «ቀላል ነው» ስንል ከስሙ በፊት የሚገባ «አ» የለንም፤ ስለዚህ «ኢት ወዝ ፒስ ኦቭ ኬክ» እንላለን። ፈሊጥ ግን እንደ ተጠረበ ድንጋይ ነው፤ አንድ ፊደል ሲጎድል ይታወቃል፦ «አ ፒስ ኦቭ ኬክ»፣ ጫናው «ኬክ» ላይ። እንዲሁ ከስንት አንዴ ለማለት «ዋንስ ኢን አ ብሉ ሙን» እንጂ «ኢን ዘ ብሉ ሙን» አይደለም። ተነባቢዎች ሲደራረቡም መሐላቸው አናባቢ መጨመር ይቀናናል፦ «ኮስትስ» «ኮስቲስ» ይሆናል። ውድ ነው ለማለት «ኢት ኮስትስ አን አርም ኤንድ አ ሌግ» ሲሉ ቃላቱን አያቁሙ፤ «አናርም»፣ «ኤንደሌግ» ብለው ያያይዟቸው።

ጥያቄ፦ በአማርኛ ፈሊጥ አላጣም። እሱኑ ወደ እንግሊዝኛ ባዞረው ምን ችግር አለው? (ከዱባይ)

መልስ፦ አንዳንዱ ዕድለኛ ነው። «በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ» በእንግሊዝኛም ያው ወፍና ድንጋይ ነው፦ «ኪል ቱ በርድስ ዊዝ ዋን ስቶን»። «ደሜ ፈላ» ደግሞ «ኢት ሜድ ማይ ብለድ ቦይል» ይሆናል። የቀረው ግን ቃል በቃል ሲዞር ጉድ ያፈላል። እናትዎን ሆደ ሰፊ ናት ለማለት «ሺ ሃዝ አ ቢግ ስተመክ» ካሉ ፈታኙ የሚያስበው ቦርጭ ነው። ትዕግሥቷን ለመግለጽ «ሺ ሃዝ ዘ ፔሸንስ ኦቭ አ ሴይንት» ይበሉ፤ የቅዱስ ትዕግሥት አላት ማለት ነው፤ ለእኛም ጆሮ እንግዳ አይደለም። «አንጀቴን በላኝ» የሚለው «ማይ ሃርት ወንት አውት ቱ ሂም» ሲሆን፣ «እጅ አጠረኝ» ደግሞ «መኒ ወዝ ታይት» ነው። «ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ» ለማለት «ሂ ተርንድ አ ዴፍ ኢር» ይባላል። ከቃሉ ሳይሆን ከስሜቱ ይነሱና በእንግሊዝኛ ያንን ስሜት የሚሸከመውን ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ በሁለተኛው ክፍል ስናገር ፈሊጡን ጀምሬ መጨረሻው ጠፋኝ። ምን ማድረግ ነበረብኝ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ትቶ በተራ ቃል መጨረስ። በዚያ ክፍል በተሰጠዎት ርዕስ ላይ ብቻዎን ስለሚናገሩ አንድ ደቂቃ ለዝግጅት፣ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ለንግግር ይሰጣል፤ አምስት ሰከንድ ዝም ማለት ጎልቶ ይሰማል። የጠፋን ቃል በሌላ አገላለጽ መተካት ራሱ የሚመዘን ችሎታ ነው። አንዴ ማረም ያለ ነው፤ በየዓረፍተ ነገሩ ተመልሶ ማረም ግን የንግግር ፍሰቱን ያበላሸዋል። በዝግጅት ደቂቃዋ ማስታወሻ ላይ ቢበዛ አንድ ፈሊጥ ይጻፉ፤ እሱም ለታሪኩ የሚስማማ ከሆነ ብቻ። ቃሉ አፍዎ ላይ ሆኖ እምቢ ሲልም «ኢትስ ኦን ዘ ቲፕ ኦቭ ማይ ተንግ» ብሎ መቀጠል ይቻላል፤ ሁለተኛ ጊዜ ግን አይድገሙት።

ጥያቄ፦ እነዚህን በጽሑፍ ፈተናውም ልጠቀም? (ከጎንደር)

መልስ፦ በድርሰቱ ላይ አይሆንም፤ እዚያ መደበኛ አጻጻፍ ነው የሚፈለገው። «አን አርም ኤንድ አ ሌግ» በንግግር ያምራል፤ በድርሰት «ፕሮሂቢቲቭሊ ኤክስፔንሲቭ» ይሻላል። ጄነራል ትሬይኒንግ የሚባለውን፣ ለሥራና ለኑሮ የሚወሰደውን የአይልትስ ዓይነት የሚፈተኑ ከሆነና የመጀመሪያው ጥያቄ ለጓደኛ የሚጻፍ ደብዳቤ ሆኖ ከመጣ ግን አንድ ሁለት የወዳጅነት ፈሊጥ ቢገባ ለደብዳቤው ይስማማዋል። ለማያውቁት ኃላፊ በሚጻፈው አያስገቡት።