አንዴ 2፣ አንዴ 5 የሚለው ቆጣሪ

አንድ አንባቢ የሊኑክስ ድራይቨር እየጻፈ ነው። የዲቫይስ ትሪ ኦቨርሌዩን (ሃርድዌሩን ለከርነሉ በሚገልጸው የኖዶች ዛፍ ላይ የሚጨመረውን ቁራጭ) ጭኖ ሲያወርደው ከርነሉ «ሜሞሪ ሊክ»፣ ማለትም ያልተለቀቀ ሜሞሪ አለ፣ ይለዋል። የኖዱ ቆጣሪ (ኖዱን ስንት ቦታ እንደያዙት የሚቆጥረው) 1 መሆን ሲገባው አንዴ 2፣ አንዴ 5 ሆኖ ይገኛል። በልጅ ኖዶቹ ላይ በሚዞረው ሉፕ ውስጥ፣ በየዙሩ መጨረሻ ኦፍ_ኖድ_ፑት (ኖዱን የሚለቅ፣ ቆጣሪውን በ1 የሚቀንስ ጥሪ) ሲጨምር ደግሞ «ባድ ኦፍ_ኖድ_ፑት» የሚል ሌላ ስሞታ መጣ። ሌላው ቦርድ ላይ ግን ምንም የለም። «የቱን ልመን?» ይላል።

ወዳጄ፣ ሁለቱንም እመን።

ሉፑን የሚያዞርልህ ፎር_ኢች_ቻይልድ_ኦፍ_ኖድ ዝም ብሎ የሚዞር ማክሮ አይደለም። ወደ ቀጣዩ ልጅ ሲሻገር የአዲሱን ቆጣሪ በ1 ይጨምራል፣ የቀድሞውን በ1 ይቀንሳል። እስከ መጨረሻ ከሄደ ሂሳቡ በራሱ ይዘጋል። አንተ የጨመርከው ፑት የተከፈለ ዕዳ እንደገና መክፈል ነው። ቆጣሪው ዜሮ ሲገባ ኖዱ ገና ዛፉ ላይ ነበር፤ ከርነሉ የጮኸው ለዚህ ነው። አውጣው።

ጉዱ ያለው መሃል ላይ ነው። ኮድህ ሉፑ ውስጥ ክሎክ (የሃርድዌሩን የሰዓት ምት) ይጠይቃል፤ ካላገኘ ሪተርን ብሎ ይወጣል። ያኔ በእጅህ ያለውን ኖድ የሚለቅልህ የለም፤ ማክሮው ወደ ቀጣዩ አልተሻገረማ። ፑቱ የሚገባው እዚያ ነው፣ ከሪተርኑ በፊት። በጎቱ ብትወጣም ያው ነው። በብሬክ ወጥተህ ኖዱን ከሉፑ በኋላ የምትጠቀምበት ከሆነ ግን ያዘው፤ ስትጨርስ ትለቀዋለህ።

እኔን የሳበኝ 5ቱ ነው። ክሎኩን የሚሰጠው ድራይቨር ገና ካልተነሳ መልሱ ኢፕሮብ_ዲፈር ይሆናል፤ «ቆይተህ ሞክር» እንደማለት። ከርነሉም ቆይቶ ፕሮብህን (ድራይቨርህን የሚያስጀምረውን ፋንክሽን) ደግሞ ይጠራዋል። በተመለስክ ቁጥር አንድ ያልተለቀቀ ሪፈረንስ ቆጣሪው ላይ ይቀራል። ሌላ ቀዳዳ ከሌለ፣ 5 ማለት 4 ጊዜ ተመልሰሃል ማለት ነው። ድራይቨሮቹ የሚነሱበት ቅደም ተከተል ሲለያይ ቁጥሩም ይለያያል። እኔ አንድ ጊዜ ይህንኑ አይቼ ሬስ (ሁለት ሥራዎች እኩል ሲሮጡ የሚፈጠር ግጭት) መስሎኝ፣ ሎክ ስፈትሽ ሁለት ቀን አቃጥያለሁ።

«ሌላው ቦርድ ላይ ምንም የለም» ያልከው አያጽናናህ። ከርነሉ ኦፍ_ዳይናሚክ የሚባለው የግንባታ አማራጭ ሳይበራ ከተገነባ ጌትም (ቆጣሪውን የሚጨምረው ጥሪ) ፑትም ባዶ ናቸው፤ የሚቆጠር ነገር ስለሌለ ስህተቱም አይታይም። ኦቨርሌይ ሲበራ ግን እሱም አብሮ ይበራል።

ከርነልህ አዲስ ከሆነ በስሙ መጨረሻ ላይ «ስኮፕድ» የሚል ያለበትን የዚሁ ማክሮ ወንድም ተጠቀም። በየትም በኩል ብትወጣ ኖዱን ራሱ ይለቀዋል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ፦ የኖዱን ፖይንተር ስትራክትህ ውስጥ የምታስቀምጥ ከሆነ የራስህን ኦፍ_ኖድ_ጌት ውሰድ። አለዚያ የተለቀቀ ኖድ ይዘህ ትቀራለህ፤ እሱ ደግሞ ከሊክ የባሰ ነው።

ለመሞከር የክሎኩን ድራይቨር ሆን ብለህ አትጫን። ከዚያ ኦቨርሌዩን ጫን፣ አውርድ። ሁለቱም መልእክት ከጠፋ ጨርሰሃል።