እህቴ፣ መጀመሪያ ሳይድዎኩ የማን እንደሆነ አጣሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ማታ ከሥራ ስወጣ አየሁት። 30 ሰው ሆናችሁ፣ «ጦርነት ይቁም» የሚል ካርቶን ይዛችሁ፣ ዋሽንግተን ዲሲ፣ የኢትዮጵያ ኤምባሲያችን ፊት ለፊት ባለው የእግረኛ መንገድ (ሳይድዎክ) ላይ ልትቆሙ ነው። ከዚያ ሜሪላንድ ፖስታ ቤት በር ላይ ፊርማ ታሰባስባላችሁ። ሲመሽ ደግሞ ዋይት ሐውስ ጋ ትቆማላችሁ። አንድ ሰው «ከኤምባሲ 500 ጫማ ሳይርቁ መፈክር መያዝ በሕግ ክልክል ነው» ብሎ አስፈራርቶሻል። ፈቃድ ያስፈልገናል ወይ? ነው ያልሽው።

«ሂዱ፣ ማንም አይነካችሁም፣ ነጻ አገር ነው» ብለው የመለሱልሽን አትስሚ። እኔም እንደዚያው ተብዬ ነው የወጣሁት። ውሸት አይደለም፣ ግን እኔን ሥራዬን አስከፍሎኛል። እናንተም እንደኛው ባንዲራ የሌላችሁ፣ ሁለቱም ወገን የሚሰድባችሁ ትመስሉኛላችሁ። ስለዚህ በቁጥር ላስቀምጥልሽ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. የ500 ጫማው ነገር። ሰውየው ከኪሱ አውጥቶ አልተናገረም፣ ግን ጊዜው ያለፈበት ወሬ ነው። ከ1938 ጀምሮ ዋሽንግተን ውስጥ በኤምባሲ ዙሪያ በ500 ጫማ ክልል የዚያን አገር መንግሥት ስም የሚያጠፋ መፈክር መያዝ ክልክል ነበር። ሰዎች ከሰሱ። አንደኛው በኒካራጓ ኤምባሲ ፊት «ግድያው ይቁም» የሚል ጽሑፍ ይዞ ለመቆም ነበር የፈለገው። አየሽ፣ ካርቶኑ ከናንተው ጋር አንድ ዓይነት ነው። በ1988 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ቦስ እና ባሪ በሚባለው ክርክር፣ ያንን ክልከላ ጣለው። የተረፈ ክፍል ግን ነበር። ፖሊስ ለኤምባሲው ደህንነት ወይም ሰላም ያሰጋል ብሎ በቂ ምክንያት ካለው ተበተኑ ማለት ይችላል አለ ፍርድ ቤቱ። ስለዚህ የሚጠየቀው ጠባያችሁ ነው፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው አይጠየቅም። ደግሞ አደራ፣ ማንም ሰው ወደ ግቢው እንዳይገባ። በ2014 ሰልፈኞች ግቢው ውስጥ ገብተው ተኩስ መተኮሱን የማያስታውስ የዲሲ ሐበሻ የለም። ሰው አልተጎዳም፣ እግዜር ይመስገን። እናንተ ግን እግራችሁን ከሳይድዎኩ አታንሱ።

2. ፈቃድ። ዲሲ ውስጥ የ2004ቱን የሰላማዊ ሰልፍ ሕግ አንብቢው። በእግረኛ መንገድ ላይ ከቆማችሁና ሌላውን አላፊ አግዳሚ ካልከለከላችሁ ማሳወቅ አይጠበቅባችሁም። ወደ አስፋልቱ ካልወረዳችሁና ከ50 ሰው በታች ከሆናችሁም እንደዚያው። ሳያሳውቁ መሰለፍ በራሱ ወንጀል እንዳልሆነም ሕጉ ራሱ ይናገራል። ወረቀቱን አትሚና ኪስሽ ውስጥ ይኑር። ከፖሊስ ጋር ለመከራከር አይደለም፤ አንቺን ራስሽን ያረጋጋሻል።

3. መንገዱ የማን ነው? እዚህ ጋ ቁጥሬን ትቼ የደረሰብኝን ላውራሽ።

በ2021 ኖቬምበር ነው። ያኔ የነበረውን ታውቂዋለሽ። አንዱ ወገን ዛሬ ይወጣል፣ ሌላው ነገ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳን ሰው ሰላም መባባል ትቶ ነበር። እኛ አሥራ ዘጠኝ ነበርን፣ ከየአቅጣጫው የተሰባሰብን። የመረጥነው ቦታ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ ቨርጂኒያ፣ አንድ ትልቅ ሕንጻ ፊት ነበር። ውስጡ እየተከፈለው ለመንግሥታት የሚወተውት የሎቢ ድርጅት ቢሮ አለ። ከሥሩ ደግሞ ፓርኪንግ አለ። እኔ ቅዳሜና እሁድ የምሠራው እዚያ ነው። ሞኝነቴን ከዚህ ጀምረሽ ቁጠሪ።

መጀመሪያ ፈቃድ ብለን አንድ የመንግሥት ቢሮ ሄድን። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ቀና ብላ እንኳን አላየችንም።

«ካርቶኑ ላይ ምን ተጽፏል?» አለች። ነገርኳት።

«የሚቃወማችሁ ሰው ይመጣል?»

እኔ የዋህ፣ «አዎ፣ ከሁለቱም ወገን ሳይመጣ አይቀርም» አልኳት።

ካልኩሌተሯን ሳበች። ለተጨማሪ ፖሊስ 320 ዶላር። ኢንሹራንስ ደግሞ ራሳችሁ ግዙና አምጡ። ኢንሹራንሱ 185 ወጣ። በጠቅላላው 505 ዶላር፣ ከእቁባችን ላይ አንስተን ከፈልን። «ለምን?» ብዬ ስጠይቃት የሰጠችኝ መልስ አንድ ቃል ነው። «ቀጣይ!» ከኋላዬ የቆመውን ሰው መጥራቷ ነው።

በኋላ አንድ ጠበቃ ልጅ ሰምቶ ሳቀብኝ። ፎርሳይት ካውንቲ የሚባል የጆርጂያ ጉዳይ አለ፣ የ1992። ተቃዋሚ ይመጣባችኋል፣ ጥበቃው ይወደዳል እየተባለ በንግግሩ ይዘት ዋጋ መጨመር አይቻልም ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወስኗል። ውሳኔውን አትሜ፣ ያቺው መስኮት ጋ ተመልሼ ሄድኩ። እዚያችው ሴትዮ ፊት አስቀመጥኩት። ስድስት ሳምንት ቢፈጅም 320ውን መለሱልኝ። ቼኩን ለእቁብ ሰብሳቢያችን ስሰጥ ሁሉም አጨበጨበልኝ። የኢንሹራንሱ ብር ግን ቀልጦ ቀረ።

የሰልፉ ቀን ሰኞ ነበር፣ ምሳ ሰዓት። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የከፈልንበት ፖሊስ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ቡናውን ይጠጣል። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ የሕንጻው ሴኩሪቲ መጣ። ሐበሻ ነው። በረመዳን ለማፍጠር ሲወጣ እኔ የምሸፍንለት ልጅ።

ጠጋ አለና በጆሮዬ፣ «ጋሼ፣ በአላህ፣ ከዚህች ዞር በሉልኝ» አለኝ።

እኔ ፈቃዴን አወጣሁና አወዛወዝኩበት። «የሕዝብ መንገድ ነው!» ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ያን ጊዜ ብሰማው ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍልሽም ነበር።

ቀጥሎ ማናጀሩ ወረደ፣ ፖሊሱንም ጠራው። ፖሊሱ መጣና ምንም ሳይናገር በጫማው ጫፍ መሬቱን ነካ ነካ አደረገ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከጣቴ የማይሰፋ የናስ መስመር ወለሉ ውስጥ ተቀብሯል። ከአስፋልቱ ጠርዝ እስከ መስመሩ ግራጫ ሲሚንቶ፤ ያ የከተማው ነው። ከመስመሩ እስከ በሩ ቀላ ያለ ድንጋይ፤ ያ የሕንጻው ነው። ከፍታቸው እኩል ነው፣ አጥር የለ፣ ሰው በሁለቱም ላይ ይመላለሳል። እኛ አሥራ ዘጠኛችንም ቀዩ ላይ ነን።

ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ መስመር ላይ ተመላልሻለሁ። በረዶ ጠርጌበታለሁ፣ ጨው በትኜበታለሁ፣ አንድም ቀን አላየሁትም። (በነገራችን ላይ በረዶ የሚጠርገው ማን ነው ብለሽ ባለቤቱን ለማወቅ አትሞክሪ። ዲሲ ውስጥ የከተማውንም ሳይድዎክ የሚጠርገው አጠገቡ ያለው ባለ ሕንጻ ነው።)

ፖሊሱ፣ «ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ በሉ፣ ከዚያ እስኪመሽ ቁሙ» አለ። ጓደኞቼ ሁለት እርምጃ ተራመዱና ግራጫው ላይ ቆሙ። ያለቀለት ነገር ነበር። እኔን ግን እልህ ያዘኝ። ከፍያለሁ፣ ፈቃድ አለኝ፣ አልንቀሳቀስም አልኩ። ማናጀሩ ስሜን ጠየቀ። እኔም በኩራት፣ ከነአያቴ ስም ተናገርኩ። ወዲያው ወረቀት ሞልቶ ሰጠኝ። ከሕንጻውና ከንብረቱ ለአንድ ዓመት ታግደሃል፣ ብትገባ ትታሰራለህ ይላል።

ንብረቱ ውስጥ ፓርኪንጉም አለበት። ቅዳሜ ሥራ መግባት አልቻልኩም። አሠሪዬ ሌላ ቦታ ይፈልግልኛል ብዬ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። ቀረ። 505 ዶላሩ ምንም አይደለም፤ እኔን የጎዳችኝ ያቺ ሁለት እርምጃ ናት።

ጠበቃው ልጅ ያኔ ነው የ1968ቱን የነገረኝ። ኦሬጎን ስቴት፣ ፖርትላንድ፣ ሎይድ ሴንተር የሚባል የገበያ ማዕከል ውስጥ አምስት ወጣቶች የቬትናምን ጦርነት የሚቃወም ስብሰባ መጥሪያ ወረቀት ያድሉ ነበር። ጥበቃዎቹ ውጡ፣ ውጭ የሕዝብ መንገድ አለላችሁ አሏቸው። ወጡና ከሰሱ። ሥር ፍርድ ቤት አሸነፉ፣ በ1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 ተሸነፉ። የግል ንብረት ነው ተባለ። እኔ ከነሱ የምለየው፣ እነሱ ሲባሉ መውጣታቸው ነው።

እና አንቺ ምን አድርጊ መሰለሽ? ከሰልፉ በፊት በሥራ ቀን ሂጂና መሬቱን እያየሽ ተራመጂ። ድንጋዩ ቀለም የሚቀይርበትን፣ የናስ ምልክት፣ ትንንሽ ጽሑፍ ያለበት ሳህን ፈልጊ። ስልክሽ ላይ ቪዲዮ ቅጂው። የከተማው ወይም የካውንቲው የመሬት ካርታ ኢንተርኔት ላይ አለ፣ ወሰኑ እስከ የት እንደሆነ እዩ። አንድ ሰው መድቢ፣ ሥራው ሰው ከመስመር እንዳያልፍ ማየት ብቻ ይሁን። እልኸኛ ሰው አትመድቢ።

ፖስታ ቤቱን ተዪው። የመንግሥት ነው፣ የሕዝብ ነው ትያለሽ። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። እዚሁ ሜሪላንድ፣ ቦዊ፣ በ1986 ፖስታ ቤት በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ገንዘብ የሚለምኑ ሰዎች ተያዙ። በ1990 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ከመኪና ማቆሚያው ወደ በሩ ብቻ የሚወስድ መንገድ እንደ መሀል ከተማ የእግረኛ መንገድ አይቆጠርም ብለው አራት ዳኞች፣ አምስተኛው ደግሞ በሌላ ምክንያት ፈረዱባቸውና ተሸነፉ። የሚገርመው፣ በራሱ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዙሪያ ያለው ሳይድዎክ የሕዝብ ነው። አንዲት ሴት ፈርስት አሜንድመንትን (የመናገርና የመሰብሰብ ነጻነትን የሚጠብቀውን የሕገ መንግሥት አንቀጽ) ቃል በቃል የጻፈችበት ካርቶን ይዛ ስትቆም ፖሊስ ከለከላት፣ በ1983 አሸነፈች። ፊርማችሁን ከፖስታ ቤቱ ማዶ፣ ዋናው መንገድ ዳር ሰብስቡ።

የሚሰድቧችሁ ሰዎች ይመጣሉ። ይሄን በደንብ ተዘጋጂበት። እኛ ግራጫው ላይ ከቆምን በኋላ (እኔ እንኳን መንገዱን ተሻግሬ በእግዱ ወረቀት ፊቴን ከንፋስ ሸፍኜ ነበር) ከሁለቱም ወገን መጡ። አንዱ «ጁንታ» ይለናል፣ ሌላው «የመንግሥት ቅጥረኛ»። እነሱ እንኳን እርስ በርስ አይነጋገሩም፣ እኛን በመስደብ ግን ተስማሙ። ፖሊሱን «አባርልን እንጂ፣ ከፍለንህ የለም ወይ?» አልኩት። «መንገዱ የነሱም ነው፣ ካልነኳችሁ ይጩኹ» አለኝ። ያን ቀን በጣም ተናድጄበት ነበር። አሁንም ትንሽ ይከነክነኛል፣ ግን ልክ ነው። እነሱን ባስባርር በሚቀጥለው ሰኞ እኔን ያስባርሩኛል።

ከኛ ጋር አንዲት እማማ ነበሩ፣ ሰባ ያለፋቸው። ነጠላቸውን ከካፖርታቸው በላይ አጣፍተው «ልጆቻችንን መልሱልን» የሚል ካርቶን ይዘዋል። አንድ ጎረምሳ ፊታቸው ድረስ መጥቶ «የማንን ልጆች?» ብሎ ጮኸባቸው። እማማ ካርቶኑን ዝቅ አደረጉና አዩት። «አንተ የማን ልጅ ነህ?» አሉት። ልጁ አፉን ከፍቶ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ ወደ ሰዎቹ ተመለሰ፤ ጩኸቱን ግን አልቀጠለም።

ዋይት ሐውስ ልረሳው ነበር። እዚያ ፓርክ ሰርቪስ፣ የፌዴራል መንግሥቱ የፓርኮች መሥሪያ ቤት፣ ነው የሚመራው፣ የዲሲው ሕግ አይሠራም። ከ25 ሰው በላይ ከሆናችሁ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለ15 ለ15 ተከፍለን እንቆማለን ብላችሁ እንዳትራቀቁ፣ የሌላ ቡድን ቅጥያ መሆን አይቻልም የሚል ተጽፏል። ወይ አምስቱ ቤት ይግቡ፣ ወይ አስቀድማችሁ አመልክቱ። እዚያ ሳይድዎክ ላይ መፈክሩ ካርቶን ወይም ጨርቅ ይሁን፣ ወርዱ ከ3 ጫማ፣ ርዝመቱ ከ20 ጫማ፣ ውፍረቱ ከሩብ ኢንች አይብለጥ። መያዣው እንጨት ብቻ፣ በየጎኑ ከሦስት አራተኛ ኢንች ያልበለጠ። አንድ ጓደኛዬ የመጥረጊያ እንጨት ይዞ ሄዶ፣ እንጨቱን አስረክቦ ካርቶኑን ደረቱ ላይ አቅፎ አመሸ። መሀል ላይ፣ ከመካከለኛው ነጥብ በግራና በቀኝ 10 ያርድ ውስጥ፣ መፈክር ይዞ መቆም አይቻልም፤ እየተራመዱ ነው። ካርቶኑን መሬት አስቀምጣችሁም ጥላችሁ አትሂዱ።

ስንት ቁጥር ላይ እንደደረስኩ ጠፋኝ። ቅዳሜና እሁድ አሁን ነጻ ነኝ፣ ምክንያቱን ነግሬሻለሁ። ቦታውን ለማየት ስትሄጂ ከፈለግሽ አብሬሽ እሄዳለሁ፣ ሜትር ይዤ እመጣለሁ። መኪናዬ ትራንክ ውስጥም ከያኔው የተረፉ 11 ካርቶኖች አሉ። አንዱ ላይ ቡና ተደፍቶበታል፣ ጽሑፉ ግን ይነበባል።