የስቲልተን ስም የማን ነው? የአንባቢያን ጥያቄዎች

ስቲልተን በሚባለው የእንግሊዝ አይብ ውስጥ ያለው ሰማያዊ መስመር ሻጋታ ከሆነ ለምን ይበላል?
ፔኒሲሊየም ሮክፎርቲ የተባለ፣ ሆን ተብሎ ወተቱ ውስጥ የሚጨመር ሻጋታ ስለሆነ ነው።

ቆዳውስ?
ይበላል። ካልጣመዎት ቆርጠው ይተዉት።

የገዛሁት ስቲልተን ሰማያዊው በጣም ትንሽ ነው፤ አጭበርብረውኝ ይሆን?
አላጭበረበሩዎትም። ስቲልተን ክብደት ተጭኖበት አይጨመቅም፤ ውሃው በራሱ ጊዜ ስለሚንጠፈጠፍ ውስጡ ክፍተት ይቀራል። ውጩን በቢላ አለስልሰው ይደፍኑታል። ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው በረጃጅም የብረት መርፌ ይወጉታል፤ ሻጋታው የሚስፋፋው አየር ሲያገኝ ነው። ውስጡ ጥቅጥቅ ካለ ወይም የመርፌው ቀዳዳ ከተደፈነ ሰማያዊው ያንሳል።

ለንደን የሚኖሩ አንባቢ፣ ስቲልተን መንደር ድረስ ሄደው «እዚህ አይሠራም» መባላቸው አናዷቸዋል።
ቢናደዱ አይፈረድም፤ ሕጉ ግን እንደዚያ ነው። መንደሩ ያለው በካምብሪጅሺር አውራጃ ነው። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የተጠበቀው ስም ደግሞ የተፈቀደው በደርቢሺር፣ በሌስተርሺርና በኖቲንግሃምሺር አውራጃዎች ለሚሠራ አይብ ብቻ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከለንደን ወደ ሰሜን የሚሄዱ ሠረገላዎች መንደሩ ላይ ያርፉ ነበር። የቤል እንግዳ ማረፊያ ባለቤት ኩፐር ቶርንሂል ከሌስተርሺር የሚመጣውን አይብ ለመንገደኛ ይሸጥ ስለነበር፣ አይቡ በተሸጠበት ቦታ ተጠራ።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ይኸው ደንብ ወተቱ ፓስቸራይዝድ (ጀርሙ እንዲሞት በሙቀት የታከመ) እንዲሆን ያስገድዳል። አይብ ሠሪው ጆ ሽናይደር ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያው ኖቲንግሃምሺር ውስጥ፣ ዌልቤክ ላይ፣ በቀድሞው መንገድ ከጥሬ ወተት ይሠራል። አይቡን ግን ስቲልተን ማለት ስለማይችል የመንደሩን ጥንታዊ ስም አውጥቶ ስቲቸልተን አለው። ስምን ከአስመሳይ መጠበቅ ተገቢ ነው። ለብዙ ትውልድ ስቲልተን የተሠራው ከጥሬ ወተት ሆኖ ሳለ ያንኑ አሠራር ከስሙ ማባረር ግን ትክክል አይደለም። መለያው ላይ «ከጥሬ ወተት የተሠራ» ብሎ በግልጽ መጻፍ ይበቃ ነበር።

ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ልብላ?
የብሪታንያ የጤና አገልግሎት ስቲልተንን ከሚፈቀዱት ጠንካራ አይቦች ይቆጥረዋል። ከጥሬ ወተት የተሠራውን ይተዉት፤ ለማንኛውም አዋላጅዎን ይጠይቁ።

ባለቤቴ ለድብርት መድኃኒት ይወስዳል፤ ችግር አለው?
ይህን በዋዛ አይለፉት። መድኃኒቱ ፌነልዚን ወይም ትራኒልሳይፕሮሚን ከሆነ፣ በቆየ አይብ ውስጥ ያለው ታይራሚን የደም ግፊትን በድንገት ለሕይወት እስኪያሰጋ ድረስ ሊያስወነጭፈው ይችላል። የመድኃኒቱን ስም ይዘው ዛሬውኑ ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን ያነጋግሩ። እስከዚያው ቁራሽም እንዳይቀምስ።

ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጣል?
ይቀመጣል፤ ሲቀልጥ ግን ይፈረካከሳል፣ ስለዚህ ለሾርባ ያድርጉት። ለገበታ የሚሆነውን በሰም ወረቀት ጠቅልለው ፍሪጅ ውስጥ ያኑሩት፤ ከመብላትዎ አንድ ሰዓት ቀደም ብለው ያውጡት።