ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ጥቁሩ አቮካዶ ይሻላል ወይስ ትልቁ አረንጓዴ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እናቴ ከሐዋሳ ልትጠይቀኝ መጥታ ሦስት ወር ሆናት። 67 ዓመቷ ነው። ኮሌስትሮሏ ከፍ ስላለ አቶርቫስታቲን ትወስዳለች። እዚህ ገበያ ሁለት ዓይነት አቮካዶ አለ። አንዱ ትንሽ፣ ቆዳው ሻካራ፣ ሲበስል የሚጠቁረው ሐስ ነው። ሌላው ከፍሎሪዳ የሚመጣ ትልቅ አረንጓዴ ሲሆን «ስሊምካዶ» የሚል ተለጥፎበታል። ቅባቱ ያነሰ ነው ሲሉኝ አረንጓዴውን ገዛሁላት። «ይሄ ውሃ እንጂ አቮካዶ አይደለም» አለችኝ። ሐሱን ግን በማንኪያ እየዛቀች ትጨርሰዋለች። ወጥ የምትሠራው ከቤት ይዛ በመጣችው ንጥር ቅቤ ስለሆነ፣ ቢያንስ አቮካዶውን ልቀንስላት ብዬ ነው። ልከልክላት?

መልስ፦ እናትዎ እውነታቸውን ነው። 100 ግራም ሐስ ውስጥ 15 ግራም ገደማ ቅባት አለ። በፍሎሪዳው ውስጥ ያለው 10 ገደማ ነው። የፍሎሪዳው ውሃው ይበዛል፤ ስኳሩም ትንሽ ከፍ ይላል። ስለዚህ ቀለል ያለ ጣፋጭነት ቢኖረውም ለውዝ ለውዝ የሚለው ጣዕም የለውም። ምላስ ላይ ቅቤ ቅቤ የሚለው ደግሞ ቅባቱ ራሱ ነው።

«ስሊም» በእንግሊዝኛ ቀጭን ማለት ነው፤ የተለጠፈው ስምም አልዋሸም ማለት ነው። ግን አቮካዶ የሚበላው በግራም ሳይሆን በፍሬ ነው። እስቲ ሁለቱንም ልጠው፣ ዘራቸውን አውጥተው ሚዛን ላይ ያስቀምጧቸው። ከትንሹ ሐስ 136 ግራም ያህል የሚበላ ይወጣል። በውስጡ 21 ግራም ቅባትና 230 ካሎሪ አካባቢ አለ። ከትልቁ አረንጓዴ 300 ግራም ያህል ይወጣል። የእሱ ቅባት 30 ግራም፣ ካሎሪው 365 ገደማ ነው። ሙሉውን ከበሉት «ቀጭኑ» ወፍራሙን በለጠው!

ልዩነቱ ከዝርያቸው የመጣ ነው። የፍሎሪዳዎቹ አብዛኛዎቹ ሙቀት ከሚወደው ከቆላው የካሪቢያን ዝርያ ይወለዳሉ። እሱ ትልቅ፣ ለስላሳ ቆዳ ያለው፣ ቅባቱ ያነሰ ነው። ሐስ ደግሞ የጓቲማላና የሜክሲኮ ደጋማ አቮካዶዎች ዝርያ ነው። ስሙን ያገኘው ከሩዶልፍ ሐስ ነው፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፖስታ አዳይ ነበር። ጓሮው በበቀለ አንድ ዛፍ እ.ኤ.አ. በ1935 የባለቤትነት ፈቃድ አወጣበት። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሸጠው ሐስ ሁሉ ከዚያ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተቆረጠ፣ በሌላ ችግኝ ላይ እየተጣበቀ የተራባ ነው። ጣዕሙ የትም ቢገዙት ተቀራራቢ የሚሆነው ለዚህ ነው።

እኛ ጋ ነገሩ ሌላ ነው። አቮካዶ ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1938 ሲሆን፣ መጀመሪያ የተተከለው ሂርናና ወንዶ ገነት ነው። ሲዳማ ውስጥ በየጓሮው የምናየው ግን አብዛኛው ከዘር የበቀለ ነው። አቮካዶ ደግሞ ከዘር ሲበቅል እናቱን አይመስልም። የአንዱ ቤት ዛፍ ጮማ የመሰለ ሲያፈራ የጎረቤቱ ውሃ ይሆናል። በዚያ ላይ ፍሬው ዛፉ ላይ በቆየ ቁጥር ቅባቱ እየጨመረ ይሄዳል። ያለ ጊዜው የተለቀመ አቮካዶ ቤት ውስጥ ቢቀመጥም ቆዳው ይጨማደዳል፣ ሥጋውም እንደ ጎማ ይሆናል እንጂ አይጣፍጥም። ሐዋሳ ገበያ አቮካዶ ሲመርጡ የኖሩ ሴት ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

አሁን ወደ ኮሌስትሮሉ። አቮካዶ ተክል ስለሆነ ኮሌስትሮል የለበትም። 100 ግራም ሐስ ውስጥ ካለው 15 ግራም ቅባት 10 ያህሉ በወይራ ዘይት ውስጥ ያለው ዓይነት ነው። ጉበት ብዙ ኤልዲኤል፣ ማለትም መጥፎውን ኮሌስትሮል፣ ደም ውስጥ እንዲተው የሚያደርገው ሳቹሬትድ የሚባለው ቅባት 2 ግራም ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት በቀን አንድ ሐስ የበሉ ሰዎች ኤልዲኤላቸው ቀንሶ አሳይቷል። በ2022 የወጣው ትልቁ ጥናት 1,000 ያህል ሰዎችን ለ6 ወር ተከታትሏል። ኤልዲኤል የቀነሰው በጣም በትንሹ ነው፤ ክብደትም አልጨመረም። የሁለቱንም ወጪ የሸፈነው የሐስ አምራቾችና ነጋዴዎች ቦርድ ስለሆነ እኔ ውጤቱን በጥንቃቄ ነው የማነበው። «አቮካዶ መድኃኒት ነው» አልልዎትም። ኮሌስትሮላቸውን እንደማያባብስ ግን እርግጠኛ ነኝ።

ጥያቄዎን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው ሌላ ቦታ ላይ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ 8 ግራም ገደማ ሳቹሬትድ ቅባት አለው። አንድ ሙሉ ሐስ ያለው 3 ግራም ያህል ነው። ሻንጣ ውስጥ ተጠቅልሎ የመጣው ቅቤ ነው እንግዲህ ሥራውን የሚሠራው። እናትን «ቅቤዎን ይተዉ» ማለት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም እናት አለኝ። ሲፈልጉ በእኔ ያሳብቡ። የዘወትሩን ወጥ በዘይት ይሥሩት፣ ቅቤው ለዶሮና ለበዓል ይቆይ። ጠዋት ዳቦ ላይ ቅቤ የሚቀቡ ከሆነ ደግሞ ሐሱን ፈጭተው፣ ሎሚ ጨምቀው፣ ቃሪያ ጣል አድርገው ይቀቡላቸው። የአቮካዶው ጥቅም በደንብ የሚታየው ቅቤን ሲተካ ነው። በቅቤው ላይ ከተደረበ ካሎሪ መጨመር ብቻ ነው። በቀን ግማሽ ሐስ ጥሩ ልክ ነው። ስፕሪስ ካማራቸው ቤት ይፍጩላቸው፤ ስኳሩንና ቪምቶውን ግን ይተዉት።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የኩላሊት ችግር አለባቸው? ወይም እንደ ኢናላፕሪልና ስፒሮኖላክቶን ያለ የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ? አቮካዶ ፖታሲየም ይበዛበታል። አንድ ሐስ 690 ሚሊግራም ገደማ አለው፤ ትልቁ አረንጓዴ ሙሉው ከ1,000 ያልፋል። ኩላሊት ሲደክም ፖታሲየም ደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከበዛም ልብን ያውካል። እንዲህ ከሆነ መጠኑን ደማቸውን ከሚመረምረው ሐኪም ጋር ይወስኑ። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነም ዛሬ ሁለት፣ ነገ ምንም ማለት አይሆንም፤ መጠኑ ከቀን ቀን እኩል ይሁን። ከአቶርቫስታቲን ጋር ግን አቮካዶ ጠብ የለውም። ከዚያ መድኃኒት ጋር በብዛት መወሰድ የሌለበት ግሬፕፍሩት ነው።

የገዙት አረንጓዴ አቮካዶም አይጣል። ጠንከር ስለሚል ሲከተፍ አይላቁጥም። በቲማቲም፣ በቀይ ሽንኩርትና በሎሚ ለሰላጣ ከሐሱ ይሻላል። በማንኪያ ይብሉት ብለው ግን እናትዎን አያስቸግሯቸው።