ሴንሰሩ ምን እየለካ ነው? ካቴተር ማስገባት ለምትማሩ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

አብዛኛውን የሥራ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በጠና የታመሙ ሰዎች አልጋ አጠገብ ነው። ካቴተር፣ ማለትም በደም ሥር የሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ ሳስገባ፣ ሲያስገቡ ስመለከት፣ ሳስተምር ኖሬያለሁ። እናንተ ዛሬ የምትሠሩበት ክፍል እኔ ከጀመርኩበት በጣም ይለያል። አልትራሳውንዱ፣ የማግኔት መከታተያው፣ የልብን ኤሌክትሪክ የሚያነበው መሣሪያ፣ የግፊት ሴንሰሩ፣ ሁሉም እጃችሁ ላይ ነው። ከልቤ ደስ ይለኛል፤ ለታካሚው ትልቅ ነገር ነውና። አንድ ነገር ግን አደራ እላችኋለሁ። ስክሪኑን ከማመናችሁ በፊት "ይህ ሴንሰር የሚለካው ምንድን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ።

እ.ኤ.አ. በ1929 ቬርነር ፎርስማን የሚባል ጀርመናዊ ወጣት ሐኪም በራሱ ክንድ ደም መላሽ ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብቶ 65 ሴንቲ ሜትር ያህል ገፋው። ቱቦው እንዳለ ኤክስሬይ ክፍል ሄደና ጫፉ የልቡ ቀኝ ክፍል ውስጥ መድረሱን በፊልም አስቀረ። በ1956 ከአንድሬ ኩርናንድና ከዲኪንሰን ሪቻርድስ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ድፍረቱ ነው። እኔ የማደንቅለት ግን ኤክስሬይ ክፍል መሄዱን ነው። "ይህን ያህል ገፍቼዋለሁ፣ ደርሷል" ብሎ አልተወውም።

ከመርፌው እንጀምር። አልትራሳውንድ ድምፅ ይልካል፣ ተመልሶ የመጣለትን ይስላል፤ ከዚያ ያለፈ አያውቅም። የደም ሥሩን በአግድም ስታዩት መርፌው አንድ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ያ ነጥብ ጫፉ ሊሆን ይችላል። ከጫፉ ኋላ ያለው የመርፌው አካልም ሊሆን ይችላል። ስክሪኑ አይለይላችሁም። እናንተ ነጥቡን እያያችሁ ስትረጋጉ ጫፉ የደም ሥሩን የኋላ ግድግዳ በስቶ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ነጥቡ እስኪጠፋ ፕሮቡን (ቆዳ ላይ የምትይዙትን የአልትራሳውንዱን ክፍል) ትንሽ ወደፊት አንሸራትቱ። ከዚያ ነጥቡ እስኪመለስ መርፌውን ቀስ አድርጋችሁ ግፉ። እንዲህ ተራ በተራ ሂዱ። ሥራውን ያዘገየዋል፤ ይዘግይ።

ደም ሲመጣም በቀለሙ ብቻ አትፍረዱ። ኦክሲጅኑ ያነሰና ግፊቱ የወረደ ታካሚ ከደም ቅዳ ሥሩ የሚወጣው ደም ጠቆር ብሎ፣ ሳይፈናጠር ሊመጣ ይችላል። ሰፊውን ቱቦ ከማስገባታችሁ በፊት በመርፌው በኩል ያሳለፋችሁት መሪ ሽቦ ደም መላሽ ውስጥ መሆኑን በአልትራሳውንድ እዩ፤ ወይም ግፊቱን ለኩ። በስህተት ደም ቅዳ ውስጥ የገባ ቀጭን መርፌ ይወጣል፣ ቦታው ይያዛል፣ ብዙውን ጊዜ በዚያው ያልፋል። ሰፊ ቱቦ ከገባ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

አሁን ወደ ጫፉ። የማዕከላዊ ካቴተር ጫፍ እንዲያርፍ የምንፈልገው ሱፒሪየር ቬና ካቫ የሚባለው ትልቁ ደም መላሽ ከልብ ቀኝ ኤትሪየም (የላይኛው ክፍል) ጋር የሚገናኝበት አካባቢ ነው። ብዙ ወደ ላይ ከቀረ ደም የመርጋት ዕድሉ ይጨምራል፤ የሚያቃጥሉ መድኃኒቶችም የደም ሥሩን ግድግዳ ይጎዳሉ። በጣም ከገባ የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል። አልፎ አልፎም የልብን ግድግዳ ይበሳል።

የኢሲጂው፣ ማለትም የልብን ኤሌክትሪክ የሚያነበው መሣሪያ፣ ዘዴ እዚህ ላይ ነው ውበቱ የሚታየኝ። የልብ ምት የሚነሳው ከዚያው መገናኛ አጠገብ ካለው ሳይነስ ኖድ ነው። የካቴተሩን ጫፍ ኤሌክትሮድ ካደረጋችሁት፣ ወደዚያ ሲጠጋ ፒ ሞገድ (የኤትሪየሞቹን ኤሌክትሪክ የሚያሳየው ሞገድ) ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ወደሚዘምር ሰው ስትቀርቡ ድምፁ እንደሚጎላው። መገናኛው ላይ ሲደርስ ፒ ሞገዱ ከሁሉም ይረዝማል። ካለፈና ኤትሪየም ውስጥ ከገባ ግን ከፒው መነሻ ላይ ወደ ታች የምትወርድ ትንሽ ምልክት ብቅ ትላለች። ያን ጊዜ እሷ እስክትጠፋ ቀስ ብላችሁ ሳቡ።

ምን ተለካ ታዲያ? ኤሌክትሪክ እንጂ ቦታ አልተለካም። ቦታውን የገመታችሁት እናንተ ናችሁ። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን (የኤትሪየሞቹ ምት መዘበራረቅ) ያለበት ታካሚ ፒ ሞገድ የለውም፤ ስለዚህ በዚህ መንገድ አትመሩም። በፔስሜከር የሚመታ ልብም ንባቡን ያወሳስባል። ምልክቱን የምታነቡት ቱቦውን በሞላው የጨው ውሃ በኩል ከሆነ አንዲት የአየር አረፋ ልትቆርጠው ትችላለች። ስለዚህ ሞገዱ ድንገት ሲጠፋ ቱቦውን ለመሳብ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ሲሪንጁን፣ ገመዱን፣ ኤሌክትሮዱ የተለጠፈበትን ቆዳ እዩ።

የማግኔት መከታተያው ደግሞ አቅጣጫ ያሳያል። በክንድ በኩል የገባ ቱቦ ወደ አንገት ከታጠፈ ወዲያው ታያላችሁ፤ በዚህ በጣም እወደዋለሁ። ልቡ የት እንዳለ ግን አያውቅም። የሚያውቀው ደረት ላይ ያስቀመጣችሁትን ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ከተንሸራተተ ስክሪኑ ላይ ያለው ሥዕልም አብሮ ይንሸራተታል፤ እንደተንሸራተተም አይነግራችሁም። አጠገቡ ያለ ብረትም ያዛባዋል። ስለዚህ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ እመርጣለሁ። ማግኔቱ መንገዱን፣ ኢሲጂው መድረሻውን ያሳያችኋል።

እ.ኤ.አ. በ1970 ሐኪሞቹ ስዋንና ጋንዝ ጫፉ ላይ ትንሽ ፊኛ ያለው ካቴተር ሲያስተዋውቁ ግፊት ራሱ መንገድ መሪ ሆነ። ፊኛውን ደሙ ይዞት ይሄዳል፤ እናንተ ሞገዱን ታነባላችሁ። ከቀኝ ኤትሪየም ወደ ቀኝ ቬንትሪክል (የታችኛው የልብ ክፍል) ሲገባ የላይኛው ግፊት ዘሎ ይወጣል። ወደ ሳንባው ደም ቅዳ ሲያልፍ የላይኛው ብዙም አይለወጥም፣ የታችኛው ከፍ ይላል። ይህን ለውጥ በዓይናችሁ እስክትለዩት ድረስ ደጋግማችሁ እዩት። ቁጥሩን ከማንበባችሁ በፊት ደግሞ ትራንስዱሰሩ (የግፊት ሴንሰሩ) በልብ ከፍታ መሆኑን አረጋግጡ። 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ከተሰቀለ ንባቡ ከእውነተኛው በ7 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ይበልጣል። የቀኝ ኤትሪየም ግፊት ጤናማ ሰው ላይ ከ2 እስከ 6 ያህል ነው። ስህተቱ ከሚለካው ነገር በለጠ ማለት ነው። በዚያ ቁጥር ፈሳሽ የሚቆም ወይም የሚጨመር ታካሚ አለ።

ሲጨርሱ መጻፍ የሚሰለቻቸው ብዙ ናቸው። እባካችሁ ጻፉ። የመጨረሻውን የፒ ሞገድ አትማችሁ ከካርዱ ጋር አያይዙ። ካቴተሩ ከቆዳ ውጭ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደቀረም መዝግቡ። ሴንሰሩ ያየው የዚያችን ሰዓት ብቻ ነው፤ ታካሚው ክንዱን ሲያንቀሳቅስ ጫፉም ይንቀሳቀሳል፣ ፕላስተር ሲቀየርም ቱቦው ሊሳብ ይችላል። የማታ ተረኛዋ ነርስ ርዝመቱን ለክታ ከጻፋችሁት ጋር ካልገጠመላት መድኃኒቱን ትያዝ፣ ጫፉ ያለበትም እንደገና ይታይ።