መልስ፦ ስፖርተኛ ሳልሆን ተራራማ ከተማ ውስጥ ሰው እንዴት ልልመድ?

«ሁለት ወር ሆነኝ፤ እዚህ ሰዉ ሁሉ ይሮጣል፣ ተራራ ይወጣል። እኔ ደረጃ ስወጣ እንኳን አለከልካለሁ፤ ከማን ጋር ልግጠም?» ላልከው ነው።

መጀመሪያ ራስህን አትውቀስ። 2,500 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ይቀንሳል። ማለክለክህ ሁሉ የስንፍና አይደለም።

ፈጣኖቹን ለጊዜው ተዋቸው። ሰው የሚተዋወቀው ጫፍ ላይ ሳይሆን መንገዱ መነሻ ላይ ነው። አንዱ የጫማ ማሰሪያውን ያጠብቃል፣ ሌላው አንጋጦ «ከሰዓት ሳይዘንብ እንመለስ» ይላል። እዚያ ቆም በልና ስለ መንገዱ ጠይቅ። ተራራ ወጪ ስለ መንገድ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል (ችግሩ ማስቆሙ ላይ ነው!)። ጠባብ መንገድ ላይ ደግሞ ወደ ላይ ለሚወጣው ቅድሚያ ስጥ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን ያዩልሃል።

ከሁሉ የሚያዋጣው ግን አካፋ ነው። ጎርፍ የሸረሸረውን የእግር መንገድ ሲጠግኑ ሄደህ አግዝ። በውድድር ቀን ውኃ አቀብል። የተራራ ሰዎች ማኅበር ድሮም የሚያያዘው በችግር ነው። የአውሮፓ ተራራ በሆነው ሞንብላን ላይ እ.ኤ.አ. በ1820 ሦስት መንገድ መሪዎች በበረዶ ናዳ ሞቱ፤ በተራራው ግርጌ ያለችው የፈረንሳይዋ ከተማ የሻሞኒ መሪዎች በዓመቱ ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ ዛሬም አለ።

እኔም እንዳንተው ነበርኩ። ግማሽ ቀን ድንጋይ ስናቀባብል ውለን ማታ ስልኬ ጮኸ፦ «ነገ ቀስ ብለን ነው የምንወጣው፣ ትመጣለህ?» ቀስ ያሉት ውሸታቸውን ነበር።